ላስቲክ ገበር ያለው ከረጢት

የቧንቧ ሠራተኛውን የጠራሁት እንዲያፈቅረኝ አልነበረም። የዕቃ ማጠቢያዬ ሥር ውሃ ስለሚያንጠባጥብ ነው የጠራሁት። ውሃው ወለሉ ላይ ተኝቶ ሳየው እባብ ያየሁ ያህል ደነገጥኩ።

ለምን እንደደነገጥኩ አስቀድሜ ልናገር፤ አለዚያ እብድ ናት ትሉኛላችሁ። ሰፈሩ እንደሆነ ብሎኛል። ልጄ ከተወለደች ጀምሮ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባል በሽታ አለባት። ከእኔም ከአባቷም ነው የወረሰችው። ሳንባዋ ውስጥ ያለው አክታ እንደ ሙጫ ይወፍራል። ሌላ ልጅ ላይ ምንም የማያደርግ ጀርም እዚያ ሙጫ ላይ አንዴ ከተጣበቀ ላይለቅ ይችላል። ጠዋትና ማታ ኔቡላይዘር በሚባለው መሣሪያ መድኃኒቷን በእንፋሎት ትስባለች፤ ከዚያ ጀርባዋን መታ መታ እያደረግሁ አክታውን አስወጣለሁ። አባቷ ሁለት ዓመት ሲሞላት «ይሄን ሳል መስማት አልቻልኩም» ብሎ ሄደ። ይቅናው። እኔ ጆሮዬን ይዤ የት እሄዳለሁ?

ሐኪሟ በየቀጠሮው የምትለኝ አንድ ነው። «እጇን ትታጠብ፣ ጉንፋን ከያዘው ሰው ትራቅ፣ ከቆመ ውሃ ትጠንቀቅ። ከዚያ ውጭ ግን ትማር፣ ትሩጥ፣ ከልጆች ጋር ትጫወት። ለሳንባዋ ሩጫ መድኃኒት ነው።» እኔ የመጀመሪያውን ይዤ ሁለተኛውን እዚያው ክሊኒኩ በር ላይ ጥዬው እመጣ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ስለዚህ ስምንት ዓመት እስኪሞላት ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም። አስተማሪዋ እኔ ነበርኩ። ከጎረቤት ልጆች ጋር የምትጫወተው በመስኮቱ መስታወት ነው፤ እነሱ ከውጭ በጣታቸው ሥዕል ይሥላሉ፣ እሷ ከውስጥ ምን እንደሆነ ትገምታለች። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የምሠራውም ቤቴ ውስጥ ነው። ደንበኛ ግን ወደ ውስጥ አይገባም። ሜትሩን በበር ክፍተት አቀብላለሁ፣ ራሳቸውን ይለካሉ፣ ቁጥሩን ጮክ ብለው ይነግሩኛል። አንዷ ወገቧን ሃያ ሴንቲ ሜትር ቀንሳ ነግራኝ ቀሚሱ ትከሻዋ ላይ ተሰንቅሮ ቀርቷል። ኪሴ ውስጥ ከማይጠፋው ጠርሙስ የተነሣ ሰፈሩ «ወይዘሮ አልኮል» ይለኛል።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ቤት በር ላይ ነው ያ ሰውዬ መጥቶ ያንኳኳው።

«ቁም እዚያው!» አልኩት። «ጉንፋን ይዞሃል? ባለፈው ሳምንትስ? ቤትህ የሚያስል ሰው አለ?»

የመሣሪያ ሳጥኑን እንደያዘ ዓይኑን አርገበገበ። ሠላሳ ሁለት፣ ሠላሳ ሦስት ቢሆነው ነው። ረጅም ስለሆነ የበሩን መቃን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«እመቤት፣ ቧንቧ ልጠግን ነው ወይስ ድንበር ልሻገር?»

«መልስ!»

«ጉንፋን አልያዘኝም። ቤቴ ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም አላስልም። ፓስፖርት አምጣ ካሉኝ ደግሞ ነገ ይዤ እመጣለሁ።»

የአልኮል ጠርሙሴን ስዘረጋለት «ይጠብቁ፣ አልኮሉ ይቆየን» ብሎ ከሳጥኑ ውስጥ የራሱን ሳሙና አወጣ። ግቢው ውስጥ ካለችው ቧንቧ ሄዶ እስከ ክርኑ ታጠበ። ጣቶቹን አንድ በአንድ፣ የጥፍሩን ሥር በብሩሽ። እኔ ደርቄ ቀረሁ። ከሐኪሟ በቀር እንደዚያ ሲታጠብ ያየሁት ሰው አልነበረም።

«ማን አስተማረህ?»

«እጄ የት የት እንደሚገባ የማውቀው እኔ ነኝ» አለ።

ማጠቢያው ሥር በጀርባው ተኝቶ ሲሠራ ልጄ ከክፍሏ ወጣች። ጭንብሏን አገጯ ላይ አውርዳለች። «ከዚያ እንዳታልፊ» ብላት አንዲት እርምጃ አለፈች።

«ጋሼ፣ ውሃው ለምን ይሸታል?»

«ስለቆመ ነው፣ አለቃ። ውሃ ሲሄድ ጤነኛ ነው። ሲቆም ነው የሚበላሸው።»

ልጄ ትንሽ አሰበች። «እኔም የትም አልሄድም» አለች። «ልበላሽ ነው?»

መቀሱ ከእጄ ወደቀ። እሱም ከማጠቢያው ሥር አንገቱን አወጣና መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ። ዓይኑ ውስጥ ወቀሳም ሐዘኔታም አልነበረም፤ ዝም ብሎ ነው ያየኝ። እኔ ነኝ ቀድሜ አንገቴን የደፋሁት።

ሊወጣ ሲል መደርደሪያው ላይ ያለችውን ከረጢት አየ። የሰፋኋት እኔ ነኝ። ውጪዋ ሰማያዊ ጨርቅ ሆኖ ቢጫ አበባ ተጠልፎባታል፤ ገበሯ ላስቲክ ነው፤ አፏ በዚፕ ይዘጋል። ሰው ሲያደንቅልኝ መቼም ደስ ይለኛል፤ እናም አስረዳሁት። ልጄ መድኃኒቷን የምትስብበትን ኩባያ በሳሙና አጥባለሁ፣ በውሃ እቀቅለዋለሁ፣ ከዚያ አየር ሳይነካው ትኩሱን እዚህ እከተዋለሁ፤ አቧራ አይገባ፣ ዝንብ አይገባ!

«ትኩሱን?» አለ። ጣቱን ወደ ገበሩ ጠቆመ እንጂ አልነካውም። «ገበሩ ላስቲክ ከሆነ እርጥቡ በየት ይወጣል?»

«አንተ ቧንቧህን ሥራ። የገበር ነገር ለእኔ ተወው።»

«እሺ፣ እመቤት» አለና ሄደ።

በሳምንቱ «ማጠቢያውን ልየው ብዬ ነው» ብሎ መጣ። ማጠቢያው ደህና ነበር። በሌላው ሳምንት የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ሊያይ መጣ። እሱም ደህና ነበር። ከእኛ ጋር የምትኖረው እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ «ይሄ ልጅ ቧንቧችንን ነው የወደደው ወይስ ሌላ ነገር?» አለች። ተቆጣኋት። ከተቆጣኋት በኋላ ግን መስታወት ፊት ሄጄ ፀጉሬን አስተካከልኩ። ምን ልዋሽ!

ከዚያ ደግሞ የሥራ ቱታ ልሰፋ አለ። እንደ ደንቡ ሜትሩን በበር ክፍተት አቀበልኩት።

«ትከሻ?» አልኩ እርሳሴን ይዤ።

«አንድ ሜትር ከሃያ።»

«ጎሽ ነህ እንዴ?»

«እንዲህ ነው የሚለው። ካላመኑኝ መጥተው ይለኩኛ።»

እናቴ ከውስጥ ሳቀች። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ በሩን ከፈትኩት። ታጥቦ ነበር፤ እጁ እስከ ክርኑ ገና እርጥብ ነው። ትከሻውን ለካሁ፣ ክንዱን ለካሁ። ቁጥሩን መጻፍ ረሳሁና እንደገና ለካሁ። ደረቱ ላይ ስደርስ ሜትሩ አልንቀሳቀስ አለኝ፤ ለካ ትንፋሹን ይዟል።

«ተንፍስ እንጂ፤ ደረትህን እየለካሁ ነው።»

«ብተነፍስብሽ ትቆጪኛለሽ ብዬ ነው» አለ።

ብተነፍስብሽ! እስከዚያች ቀን እርስዎ ነበርኩ፤ በዚያች ትንፋሽ አንቺ ሆንኩ። ቀና ስል ዓይኑ እዚያው ነው፤ ከፍ ዝቅ አላለም። ሜትሩ ከእጄ ተንሸራቶ እግራችን ሥር ወደቀ፤ ለማንሳት ግን ማንም አልተጣደፈም። ወደድኩት። በዓመታት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልጄ ሌላ የምጠብቀው ሰው ኖረኝ።

ቱታውን ስሰጠው ልጄ «ጋሽ ቧንቧ፣ ሙሽራ መሰልክ» አለችው። እሱ ቀላ፣ እኔ ቀላሁ፣ እናቴ ብቻ ነች ያልቀላችው።

አሁን ወደ ሐሙስ ልምጣ። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሰፋሁትን የተማሪ ልብስ ከተማው ማዶ ላለ ሱቅ አደርሳለሁ፤ ልጄን እናቴ ትጠብቃለች። አንድ ሐሙስ ሱቁ ተዘግቶ አገኘሁትና ቀድሜ ተመለስኩ።

ቤቱ ውስጥ ማንም የለም።

ልጄ አልጋ ላይ የለችም። መታጠቢያ ቤት የለችም። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ታማ ሐኪም ቤት ወስደዋታል ብዬ እንደ እብድ ጮህኩ። ሩጬ ስወጣ አንዱ ጫማዬ ደጃፉ ላይ ቀረ። ከቤቶቹ ጀርባ ካለው ሜዳ የልጆች ጫጫታ ሰማሁና ወደዚያው በረርኩ።

እናቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። እሱ ፉጨት ያፏጫል። ልጄ፣ በመስታወት ጀርባ ያሳደግኋት ልጄ፣ ከስድስት ልጆች ጋር ትሮጣለች። ፀጉሯ በላብ ርሷል፣ ጉልበቷ አፈር ነክቷል። ድንገት ቆመች፣ ጎንበስ ብላ አሳለች፣ አክታዋን በሶፍት ተፋች፣ ሶፍቱን ፌስታል ውስጥ ጣለች፣ እጇን በአልኮል አሸች፣ እንደገና ሮጠች። እየሳቀች ነበር። እኔ ግን ሳቋን አልሰማሁም፤ አፈሩን ብቻ ነው ያየሁት።

«ልጄን ልትገድልብኝ ነው!?»

ልጄ ወደ እኔ ሮጣ መጣች። «እማዬ፣ ኩሬው ጋ አልሄድም! የሚያስነጥስ ልጅ ካለ እንመለሳለን! እጄንም ሁለት ጊዜ እታጠባለሁ፤ ጋሽ ቧንቧ ነው ሕጉን ያወጣው፣ እማዬ…»

«ስንተኛ ጊዜያችሁ ነው?»

«ሰባተኛ ሐሙስ» አለች እናቴ፣ ቅንጣት ሳታፍር። «እኔ ነኝ ያስወጣኋት። እሷም ሰው ናት።»

እሱ ፊቱ አመድ መስሏል። «ሳልነግርሽ ማድረጌ ጥፋት ነው» አለ። «እሱን አልክድም። ከአንቺ ተደብቄ ማድረግ አልነበረብኝም። ግን ልጅቷን አንድ ጊዜ ብቻ ስትሮጥ ብታያት…»

«አየኋት!» ብዬ ልጄን እጇን ይዤ ሄድኩ። ቤት ስንገባ መስኮቱን ራሷ ዘጋችው።

በአራተኛው ቀን ቀጠሮዋ ነበር። እንደ ወትሮው የትንፋሽ መለኪያው ቱቦ ውስጥ በኃይል ተነፈሰች። ሐኪሟ ቁጥሩን አየችና እንደገና አስነፈሰቻት። «ምን አደረጋችሁ?» አለች። «ዓመቱን ሙሉ ትንፋሿ እንዲህ ከፍ ብሎ አያውቅም።»

«ሮጥኩ» አለች ልጄ ወለሉን እያየች።

ክው አልኩ። ከክሊኒኩ ስንወጣ ስልኬን አውጥቼ የእሱ ስም ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። ምን ብዬ እጀምራለሁ እያልኩ መልሼ ከተትኩት። ነገ እደውላለሁ አልኩ። ነገ ሲመጣ ከነገ ወዲያ አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ሐኪሟ ቀድማ ደወለች። በቀጠሮዋ ቀን ከአክታዋ በተወሰደው ናሙና ጀርም ተገኝቷል። ፕሴዶሞናስ ይባላል። ከስሙ ይልቅ ድምጿ ነው ያስደነገጠኝ።

«እርጥብ ቦታ የሚወድ ጀርም ነው» አለች። «የቆመ ውሃ፣ ፍሳሽ…»

ፍሳሽ ስትል ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ወዲያው ደወልኩለት።

«ከፍሳሽህ ነው ያመጣህላት! እጅህን አምኜ በሬን ከፈትኩልህ! ስምንት ዓመት የጠበቅኋትን ልጅ አንተ በሰባት ሐሙስ…»

«አለቃ እንዴት ናት?» ብሎ ጠየቀ።

«አንተ ምን አገባህ! ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ!»

«እሺ» አለ። ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

በማግሥቱ ሐኪሟ ጠራችን። «ቶሎ ስላገኘነው ማጥፋት እንችል ይሆናል» አለች። «ሃያ ስምንት ቀን የሚሳብ መድኃኒት ትወስዳለች። ካመለጠንና ሥር ከሰደደ ግን ዕድሜ ልኳን አብሯት ሊኖር ይችላል። የመተንፈሻ ዕቃዎቿን እንዳሉ አምጪልኝ ያልኩሽን ይዘሽ መጣሽ?»

ይዣለሁ እንጂ! ያቺን ባለ ቢጫ አበባ ከረጢት ጠረጴዛው ላይ ዘርጋ አድርጌ አስቀመጥኩላት። እውነቱን ልናገር፤ እንድታደንቅልኝ ጠብቄ ነበር።

ሐኪሟ ጓንት አድርጋ ዚፑን ከፈተች። ገበሩን ገለበጠችው። ላስቲኩ በሙሉ የውሃ ጠብታ አውጥቷል። ሳይደርቅ የታጠፈ ጨርቅ የሚሸተውን ሽታ ሸተተኝ። ስምንት ዓመት በአልኮል ታጥቤ ለካ አፍንጫዬ ከራሴ መደርደሪያ አይደርስም ነበር።

«ይሄን ከሰፋሽው ስንት ጊዜ ሆነው?»

«አምስት ወር።»

«ከቀቀልሽው በኋላ ኩባያው ይደርቃል?»

«አይ፤ አየር እንዳይነካው ትኩሱን…»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረስኩትም። «እርጥቡ በየት ይወጣል?» የሚለው ድምፁ ጆሮዬ ላይ መጣ። ወንበሩን ጨብጬ ተቀመጥኩ።

ሐኪሟ በጥጥ ጠርጋ ወደ ምርመራ ላከችው። በቀናት ውስጥ መልሱ መጣ፤ ኩባያው ላይ ያለው ጀርምና ልጄ አክታ ውስጥ ያለው አንድ ዓይነት ነው። «መጀመሪያ ከየት እንደመጣ ማንም በእርግጠኝነት አይነግርሽም» አለችኝ። «በየቤቱ ቧንቧ ሊኖር ይችላል። የተመቸው ግን እዚህ ነው። ከእንግዲህ ንጹሕ ፎጣ ላይ ክፍት ይቀመጥ፣ አየር ያግኘው፣ ፍጹም ይድረቅ። በጸጸት ራስሽን አትግደዪ፤ ስንቱ እናት ይሳሳታል።»

ስንቱ እናት ይሳሳት ይሆናል። አበባ ጠልፋ የተሳሳተች ግን እኔ ብቻ ነኝ! ቤት ገብቼ ከረጢቷን መቀስ ወስጄ ቆራረጥኳት፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ልጄ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ያሳመምኩሽ እኔ ነኝ» አልኳት። «ሜዳው አይደለም። ከረጢቷ ናት።»

ዓይኗ ፈጠጠ። «አውቀሽ ነው?»

«አፈር ስሆን! እንዴት አውቄ?»

«እንግዲያው አልቆጣሽም።» ትንሽ ቆየችና «ጋሽ ቧንቧስ አውቆ ነው?» አለች።

«እሱ ምንም አላደረገም።»

«ታዲያ ለምን አባረርሽው?»

እናቴ ከወጥ ቤት ሆና ሳህን ታጥብ ነበር፤ እሷም እጇን አቆመች። ነጠላ ጫማዬን እንዳደረግሁ ወጣሁ።

የት እንዳለ ጎረቤት ስጠይቅ፣ ሁለት መንገድ አልፎ ትልቅ ቧንቧ ፈንድቶ አስፋልቱን ቆፍረውታል፣ እዚያ ነው አሉኝ። ደረስኩ። ጉድጓዱ የሰው ቁመት ነው፤ እሱ እኔ የሰፋሁትን ቱታ ለብሶ እስከ ወገቡ ጭቃ ውስጥ ቆሟል። ከላይ ያሉት ሠራተኞች «ኧረ ጉድ፣ ወይዘሮ አልኮል መጣች!» ተባባሉ። አንዱ እንዲያውም እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

እሱ ቀና ሲል አየኝ። «አለቃ ምን ሆነች?» አለ። «ተባባሰባት?»

«አልተባባሰባትም። መድኃኒት ጀምራለች።» ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበረከክሁ። «አንተ አይደለህም። ከረጢቷ ናት። ነግረኸኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁህ። ስልክ ላይ ያልኩህን ሁሉ… ምላሴን ቁርጥ ያድርገው። ይቅርታ አድርግልኝ።»

እሱ ጭቃው ውስጥ እንደቆመ ረጅም ጊዜ አየኝ።

«እኔም አጥፍቻለሁ» አለ። «ከረጢቷን አንድ ጊዜ ተናግሬ ዝም አልኩ። ብትቆጪም ደግሜ መናገር ነበረብኝ። ሜዳውንም ለእናትሽ ሳይሆን ለአንቺ ነበር መንገር ያለብኝ። ተቆጥተሽ በር ትዘጊብኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«በሩን እንደሆነ ዘጋሁት፤ ምን ተረፈህ?» አልኩና እጄን ወደ ታች ዘረጋሁለት። ጓንት የለ፣ አልኮል የለ፤ ባዶ እጄን። «ና ውጣ።»

እጄን አየ፤ ከዚያ የራሱን ጭቃ አየ። አልያዘኝም።

«ሳልታጠብ አልነካሽም» አለ። «ልጅ አለችሽ።»

በመሰላሉ ወጣ። አንዱ ባልደረባው ከጀሪካን ውሃ አፈሰሰለት። ያንኑ ሳሙና አውጥቶ እስከ ክርኑ፣ ጣቱን አንድ በአንድ፣ የጥፍሩን ሥር በብሩሽ ታጠበ። እኔ መንገዱ መሃል ቆሜ ጠበቅሁት። መኪና ጥሩምባ ነፋብኝ፤ አልተንቀሳቀስኩም። ሲጨርስ እርጥብ እጁን ዘረጋልኝና ያዝኩት። እንደዚያ ቀን የሰው እጅ ሞቆኝ አያውቅም።

ሃያ ስምንቱን ቀን አብረን ቆጠርን። በመጀመሪያው ሳምንት ከቧንቧ ቁራጭ የሠራውን የዕቃ ማድረቂያ ይዞ መጣ፤ ኩባያው የሚደፋባቸው ጣቶች አሉት፣ ውሃው ተንጠባጥቦ ያልቃል፣ አየር በአራቱም አቅጣጫ ያገኘዋል። እናቴ «ከቀለበት በፊት ማድረቂያ የሚሰጥ ፍቅረኛ ይህ የመጀመሪያው ነው» አለች። ልጄ ሲያደክማት ትተኛለች፣ ሲሻላት እኔ ራሴ ሜዳ እወስዳታለሁ፤ የመጀመሪያውን ቀን ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፣ በሁለተኛው አንዱን ገለጥኩ። ከመድኃኒቱ በኋላ እንደገና አክታዋ ተመረመረ። ሐኪሟ ስትደውል ስልኩን ማንሳት አቃተኝ፤ ልጄ ናት ያነሳችው።

«የለም!» ብላ ጮኸች። «እማዬ፣ ጠፍቷል!»

በየሦስት ወሩ ማየታችን አይቀርም፤ ተመልሶ ሊመጣም ይችላል። ይህን አውቀን ነው በመስከረም ትምህርት ቤት ያስገባናት። አስተማሪዋን አነጋገርን፤ ጉንፋን የያዘው ልጅ ካለ ራቅ ብላ ትቀመጣለች፣ ምሳ ከመብላቷ በፊት ትታጠባለች፤ ሌላው እንደ ልጆቹ ነው።

ከዚያ ሰርጋችን ደረሰ። ማዘጋጃ ቤት ሄደን ልንፈርም ነው፤ ቀሚሴን ራሴ ሰፍቻለሁ፣ የእሱንም ሱፍ። ትከሻው አንድ ሜትር ከሃያ አልነበረም።

ጠዋት ተነሥቼ አስነጠስኩ። አንዴ። ሁለቴ። ሦስቴ።

ልጄ የሙሽራ አበባ ይዛ ወደ ክፍሌ እየገባች ነበር። ባለችበት ተገትራ ቀረች።

«ቁሚ እዚያው!» አለች። «ጉንፋን ይዞሻል? የሚያስል ሰው አጠገብ ነበርሽ?»

በሰርጌ ቀን! የምፈራው ጀርም እኔው ራሴ ሆኜ ቁጭ! በሩን ዘጋሁና በበሩ ሥር ሆኜ ደወልኩለት። «ይቅር። እናራዝመው። ልጄን አስታምሜ ሳልጨርስ ራሴ…»

«ማራዘም ይቻላል» አለ። «ለእኔ ችግር የለውም። መጀመሪያ ግን አለቃን ጠይቂያት።»

አለቃ ከበሩ ማዶ ቆይታ ሰምታ ኖሯል። «አይራዘምም!» አለች። «አንቺ ጭንብል አድርጊ። እኔ ከአያቴ ጋር በሌላ መኪና እሄዳለሁ። መስኮቶቹን ያስከፍቱልን፣ እኔ በሩ ጋ እቆማለሁ። እስኪሻልሽ ድረስ ከአያቴ ጋር እተኛለሁ። በቃ።»

ስምንት ዓመት ሙሉ ልቤ እየተንቀጠቀጠ ያላገኘሁትን መላ፣ ያቺ ልጅ አበባውን ሳታስቀምጥ አወጣችው።

እናም በጭንብል ተዳርኩ። ፈራሚው ሹም ግራ ገብቶት «ሙሽራዋ ለምንድን ነው የተሸፈነችው?» ሲል፣ ከወደ በሩ «ጉንፋን ይዟታል! መስኮቱን ትንሽ ጨምሩልን!» የሚል ድምፅ መጣና ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ባሌ ስሙን ፈረመ፤ እኔም ፈረምኩ። በዓይኑ ሳመኝ፤ የቀረውን ሲሻልሽ አደርሳለሁ አለኝ።

ግቢው ውስጥ ስንወጣ ልጄ ዐሥር እርምጃ ያህል ርቃ ቆማ እጇን ታወዛውዛለች። እግሬ በራሱ ወደ እሷ ሄደ።

«እማዬ፣ አትቅረቢኝ!» ብላ በሳቅ ጮኸችብኝ። ዞር ብላ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር በግቢው ዙሪያ መሮጥ ጀመረች።

ከማዶ ጫፍ ላይ ቆመች። ጎንበስ ብላ አሳለች። ባሌ እጅጌውን ሰብስቦ ታጥቦ መጥቶ እጄን ያዘ፤ እጁ እስከ ክርኑ እርጥብ ነበር። እስትንፋሴን ይዤ ቆየሁ። በሶፍት ተፋች፣ ሶፍቱን ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣለች፣ ከራሷ ኪስ ትንሽ ጠርሙስ አውጥታ እጇን አሸች፣ እንደገና ሮጠች።

አልተከተልኳትም።